በዓይን የለመድሽው ፈረንሳይኛ ጆሮሽ ሲደርስ ለምን ይጠፋብሻል?

ጥያቄ፦ «ለዓምዱ አዘጋጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ፈረንሳይኛ ቋንቋ ዲፓርትመንት ስመደብ ‹ቦንዡር› ከማለት በቀር የማውቀው አልነበረም። በሳምንት 6 ሰዓት የቋንቋ ትምህርት አለን፤ አሁን ሦስት ሴሚስተር ጨርሻለሁ። ሰዋስው ላይ ደህና ነኝ፣ ፈተናም አልፋለሁ። ሰው ሲናገር ግን ከአሥር ቃል ሁለቱን ብይዝ ነው። እኔም አፌን ስከፍት አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ እቆማለሁ። የቃላቱን አነባበብ በአማርኛ ፊደል እየጻፍኩ ነው የማጠናው። ጓደኞቼ ‹ዴልፍ የሚባለውን የፈረንሳይኛ ችሎታ ዲፕሎማ በቢ 2 ደረጃ ካልያዝሽ ዲግሪው ዋጋ የለውም› ይሉኛል፤ ዘንድሮ ልመዝገብ? የባህልና የሥነ ጽሑፍ ኮርሱም ነጥቤን ጎተተው። ቤተሰቦቼ ደግሞ ‹ፈረንሳይኛ እንጀራ ይሆናል ወይ? ሳይረፍድ ቀይሪ› እያሉኝ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ? ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ»

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ መጀመሪያ አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። በሳምንት 6 ሰዓት ለ16 ሳምንት ሲባዛ 96 ሰዓት ነው፤ በሦስት ሴሚስተር 288። አንድም ክፍለ ጊዜ ሳይቀር ማለት ነው። ከዜሮ ተነስቶ ከቢ 2 በአንድ ደረጃ ዝቅ የሚለው ቢ 1 ለመድረስ በተለምዶ ከ350 እስከ 400 ሰዓት ትምህርት ይገመታል፤ ለቢ 2 ደግሞ ከ550 እስከ 650። ስለዚህ የጎደለሽ ሰዓት እንጂ ጭንቅላት አይደለም። በልጅነቱ በፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ካለፈ የክፍል ጓደኛሽ ጋር ራስሽን እያስተያየሽ ከሆነ ዛሬውኑ ተይው፤ እሱ የያዘው ሰዓት በሺህ የሚቆጠር ነው።

ሰዓቱ ብቻ ግን ሁሉንም አይገልጸውም። የሰዋስው ፈተና የሚያልፍ ሰው ከአሥር ቃል ሁለት ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ ቋንቋው የገባው በዓይኑ በኩል ነው። ምክንያቱንም ራስሽ ጽፈሽዋል፦ አነባበቡን በአማርኛ ፊደል ነው የምታጠኚው። ከደብዳቤሽ ሁሉ ያሳሰበን ይህ መስመር ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

ፊደላችን ሰባት አናባቢ ነው የሚለየው። የፈረንሳይኛ መዛግብተ ቃላት ግን 16 አናባቢ ይቆጥራሉ፤ ከነዚህ አራቱ በአፍንጫ የሚወጡ ናቸው። አሥራ ስድስቱን በሰባት ስትጽፊ የግድ አንዱ ከሌላው ይደባለቃል። ደብተርሽን ገልጠሽ «ደሱ» የሚለውን ቃል ፈልጊ። ሁለት ቦታ ታገኚዋለሽ፤ አንዱ «ከላይ» ሌላው «ከሥር» ማለት ነው። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ነው ወይስ ሥሩ? ፈረንሳዩ በአንድ አናባቢ ይለየዋል፤ ደብተርሽ ግን አይለየውም። «ቦን»ም እንደዚያው ነው። «ጥሩ» የሚለው ቅጽል ለወንዴ ሲሆን መጨረሻው በአፍንጫ ይወጣል፣ ምላስም የላይኛውን ድድ አይነካም። ለሴቴ ሲሆን ምላስ ድዱን ነክቶ «ን» በግልጽ ይሰማል። በፊደል ስትጽፊያቸው ግን ሁለቱም «ቦን» ናቸው። ደጋግመሽ የምትሳሳቺው የወንዴና የሴቴ ስምምነት ግማሹ የሰዋስው ስህተት አይደለም፤ ያልሰማሽውን ልዩነት መልሰሽ ልታወጪው ስላልቻልሽ ነው።

እዚህ ዓምድ ላይ ፈረንሳይኛውን በፊደላችን የምንጽፈው ለንባብ እንዲመች ብቻ ነው። አንቺ መዛግብተ ቃላት ከቃሉ ጎን የሚሰጡትን የድምፅ ምልክት ተማሪ፤ ሁሉም ከአርባ አይበልጡም፣ ጠንከር ብለሽ ከያዝሽው የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ከዚያ በፊደል የጻፍሽውን ሁሉ ሰርዢው። ያሳዝናል፣ ግን አስፈላጊ ነው፤ ዓይንሽ ፊደሉን ካየ አፍሽ በአማርኛው መንገድ መሄዱ አይቀርም።

ድምፆቹን በአፍሽ ለመሥራት ትንሽ መስታወት ያዢ። የ«ከላይ»ዋን «ደሱ» ለማውጣት «ኢ» በይና ድምፁን ሳታቋርጪ፣ ምላስሽንም ሳታንቀሳቅሺ ከንፈርሽን ብቻ እንደ «ኡ» አሹዪ። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ከንፈሩን ሲያሾል ምላሱንም አብሮ ወደኋላ ስለሚስብ ነው፤ ያኔ ተራ «ኡ» ይሆንበታል። በአፍንጫ የሚወጡትን ለመፈተን ደግሞ መጨረሻ ላይ ምላስሽ የት እንዳለ አስተውዪ፤ ድድሽን ከነካ «ን» ጨምረሻል ማለት ነው። ከጉሮሮ ስለሚወጣው «ር» ግን አትጨነቂ። በምላስ ጫፍ የሚወጣው የእኛ «ር» በብዙ የአፍሪካ አገር ፈረንሳይኛ ውስጥም አለ፣ ማንም ይረዳዋል። ሦስት ወር ለእሱ ከማባከን አናባቢዎቹ ላይ መሥራት ይሻላል። «ዥ» እና «ኝ» ደግሞ ከእናትሽ ቋንቋ በነፃ ያገኘሻቸው ናቸው።

አሁን ወደ ጆሮ። ፈረንሳይኛ ሲነገር የቃል ድንበር ይጠፋል። የአንዱ መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር ይጋጠማል፣ ደካማው አናባቢ ይዋጣል። «ኢል ዞን» እና «ኢል ሶን» በአንድ ድምፅ ብቻ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው «አላቸው»፣ ሁለተኛው «ናቸው» ነው። መጽሐፉ ላይ «ዠ ነ ሴ ፓ» ብለሽ የተማርሽው «አላውቅም» መንገድ ላይ «ሼ ፓ» ሆኖ ይመጣል። «ቱ አ» ወደ «ታ» ይወርዳል፣ «ኢል ያ» ደግሞ «ያ» ብቻ ይቀራል። የማታውቂው ቃል ስለሆነ አይደለም ያመለጠሽ፤ የምታውቂው ቃል ሌላ ልብስ ለብሶ ስለመጣ ነው።

መድኃኒቱ የቃል ጽሕፈት ነው፣ ግን በሥርዓቱ። ራዲዮ ፍራንስ አንተርናስዮናል «ዡርናል አን ፍራንሴ ፋሲል» የሚባል፣ በቀላል ፈረንሳይኛ የሚቀርብ የ10 ደቂቃ ዜና አለው፤ ድምፁ ከነጽሑፉ በነፃ ይገኛል። ግቢ ውስጥ ዋይፋይ ስታገኚ የሳምንቱን አንድ ላይ አውርጂ። ከአንዱ 60 ሰከንድ ብቻ ቁረጪ። አሥሩን ደቂቃ ሙሉ የያዘ ተማሪ በሦስተኛው ቀን ይተወዋል።

መጀመሪያ ሳትጽፊ ሁለት ጊዜ ስሚ፤ ስለምን እንደሚያወራ ብቻ ለመያዝ ሞክሪ። ከዚያ እያቆምሽ የሰማሽውን ጻፊ፣ ያልገባሽን ባዶ መስመር ተዪለት። አራት አምስት ጊዜ ከደጋገምሽ በኋላ አቁሚና ጽሑፉን አውጥተሽ በቀይ እስክሪብቶ አርሚ። ዋናው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፦ እያንዳንዱን ስህተት ከሦስት ምድብ በአንዱ አስገቢ። «ሀ» ጭራሽ የማታውቂው ቃል ነው። «ለ» ታውቂዋለሽ ግን አልሰማሽውም። «ሐ» ሰምተሽዋል ግን አጻጻፉን ወይም ስምምነቱን ስተሻል። እንዳንቺ ያለ ተማሪ «ለ» ላይ ይከማቻል። የ«ለ» ቃላትን ከነግራ ቀኛቸው ቁረጪና ድምፁን እየሰማሽ፣ ከአንባቢው እኩል እየሄድሽ አምስት ጊዜ ጮክ ብለሽ አንብቢ። ቃሉን ለብቻው ማጥናት አይጠቅምም፣ ለብቻው ሲሆንማ ድሮም ታውቂዋለሽ። ይህ ሁሉ 30 ደቂቃ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን። ቅዳሜ ቅዳሜ ስለዚያ ሳምንት ዜና ሁለት ደቂቃ ሳታነቢ ተናግረሽ ስልክሽ ላይ ቅጂ፣ ሰምተሽም አምስት ስህተት ብቻ አርሚ። ከአምስት በላይ ማረም ሰውን ያደነዝዛል።

አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርሺ የምትቆሚበትን ምክንያት ስንገምት፣ በእንግሊዝኛ እያሰብሽ የምትተረጉሚ ይመስለናል። መማሪያ መጽሐፎቹ የሚያብራሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ተማሪ በዚያ በኩል ይሻገራል። ሆኖም አማርኛ አንዳንድ ቦታ ለፈረንሳይኛ የቀረበ ነው። «እንድትመጪ እፈልጋለሁ» በይ። ፈረንሳይኛው «ዠ ቨ ክ ቱ ቪየን» ነው፤ «ክ» ብሎ የአንቺን «እንድ» ያስቀምጥና ግሡን ሱብዦንክቲፍ በሚሉት መልክ ያወጣዋል፣ ልክ «ትመጫለሽ» «እንድትመጪ» እንደሚሆነው። በእንግሊዝኛ በኩል የዞረ ተማሪ ግን ግሡን ሳይረባ በመነሻ መልኩ ያስቀምጥና ዓረፍተ ነገሩ ይፈርስበታል። ያለፈ ጊዜም እንዲሁ ነው። «ሄደ» እና «ይሄድ ነበር» ለአንቺ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ፓሴ ኮምፖዜ እና አምፓርፌ የሚሏቸው ሁለቱ መልኮችም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ያርፋሉ። የሚያሰናክለው የተቆጠረ ጊዜ ሲመጣ ነው። «ለሦስት ዓመት እዚያ እሠራ ነበር» እንላለን፤ ፈረንሳይኛው ግን ጊዜው ተጀምሮ ካለቀ «ፓንዳን ትርዋ ዛን» ብሎ ፓሴ ኮምፖዜ ይወስዳል። ይህችን ለብቻዋ ያዢያት።

«ቱ» እና «ቩ»ንም «አንቺ» እና «እርስዎ» ብለሽ ያዢያቸው፤ ለመምህር፣ ለማታውቂው ሰው፣ ለባለሱቅ «ቩ» ነው። ልዩነቱ ቤት ውስጥ ነው፣ ዛሬ ፈረንሳዊ ልጅ አባቱን ባብዛኛው «ቱ» ይለዋል፤ ንቀት አይደለም።

ስለ ስም ጾታ። ስሙን ብቻውን በጭራሽ አትጻፊ፣ ከስም ፊት በሚቆሙት በወንዴው «ለ» እና በሴቴው «ላ»ም አትተማመኚ፤ በአናባቢ በሚጀምር ቃል ፊት ሁለቱም አናባቢያቸውን ጥለው አንድ ይሆናሉ። «አን» ወይም «ዩን» ብለሽ ጻፊ፦ «ዩን ኤኮል» ትምህርት ቤት ሴቴ፣ «አን ኦፒታል» ሆስፒታል ወንዴ። መጨረሻዎቹም ይረዱሻል። በ«ስዮን» እና በ«ኤት» የሚያልቁት ባብዛኛው ሴቴ፣ በ«ማን»፣ በ«ኢዝም» እና በ«አዥ» የሚያልቁት ባብዛኛው ወንዴ ናቸው፤ «ፕላዥ» (የባሕር ዳርቻ)፣ «ኢማዥ» (ምስል) እና «ፓዥ» (ገጽ) ግን ከ«አዥ» ያፈነገጡ ሴቴዎች ናቸው። አማርኛ ውስጥ ገብተው የቀሩ ቃላትም መልህቅ ይሆኑሻል፦ ጋራዥ፣ ቢሮ፣ ቴምብር፣ ሹፌር፣ ሁሉም ወንዴ። ለገሃር ደግሞ ጾታውን ተሸክሞ ነው የሚዞረው፤ «ላ ጋር» ማለት ነውና መነሻው፣ ባቡር ጣቢያ ሴቴ መሆኑን ታክሲ ረዳት በጮኸ ቁጥር ታስታውሺያለሽ።

ቁጥርም አትናቂ። ሰባ አራት «ስልሳ አሥራ አራት»፣ ዘጠና ሰባት «አራት ሃያ አሥራ ሰባት» ተብሎ ነው የሚነገረው። «ስልሳ» ስትሰሚ 6 ብለሽ ከጻፍሽ በኋላ «አሥራ አራት» ይመጣና ትሰርዢያለሽ። ፈረንሳዮች ስልክ ቁጥር ሁለት ሁለት አሃዝ እያደረጉ ስለሚናገሩ፣ በስልክሽ ላይ ካሉ ቁጥሮች በቀን አምስቱን በዚያ መንገድ ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ የሚቀጥለውን አሃዝ ሳትሰሚ እጅሽ እንዳይጽፍ እስኪለምድ ድረስ።

ዴልፍ ቢ 2 ዘንድሮ አትመዝገቢ። ፈተናው አራት ክፍል አለው፤ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር። እያንዳንዱ ከ25 ይታረማል፤ ለማለፍ ከ100 ቢያንስ 50 ያስፈልጋል፣ በአንዱም ክፍል ከ5 በታች ማምጣት ይጥላል። አሁን ባለሽበት ሁኔታ ማዳመጡ ብቻውን ሊጥልሽ ይችላል። ጽሑፉ በ60 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 250 ቃል አቋም ይዞ መከራከር ይጠይቃል። በመናገሩ ደግሞ 30 ደቂቃ ተዘጋጅተሽ ወደ 20 ደቂቃ ሐሳብሽን ታቀርቢያለሽ፣ ትከራከሪያለሽ። ቢ 1 ላይ የሚጠየቀው 160 ቃል በ45 ደቂቃ ነው። ቢ 1ን በዚህ ዓመት መጨረሻ፣ ቢ 2ን ከመመረቂያሽ በፊት ባለው ሴሚስተር ብታስቢ ሰዓቱ ይገጥማል። የግድ በቅደም ተከተል መፈተን የለብሽም፤ ገንዘቡ አንዴ ብቻ ከሆነ ያለሽ አስቀምጪውና ለቢ 2 አውዪው። የዴልፍ ዲፕሎማ የአገልግሎት ጊዜ አያልቅበትም። ቲሲኤፍ የሚባለው ሌላው ፈተና ግን የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ስለሆነ፣ ለትምህርት የምታመለክቺበት ቀን ሳይቃረብ አትውሰጂው።

የባህልና የሥነ ጽሑፍ ኮርሱ ነጥብ የሚጎትተው የፈረንሳይን ወንዞችና ነገሥታት ስላልሸመደድሽ አይመስለንም። ጽሑፍ እንዴት እንደሚዋቀር ማንም ቁጭ አድርጎ ስላላስረዳሽ ይሆናል። ዲሴርታስዮን የሚሉት ድርሰት ጥቅምና ጉዳት መዘርዘር አይደለም። «ከተማ ሰውን ብቸኛ ያደርጋል» የሚል ርዕስ ቢሰጥሽ፣ «ጥቅሙ አንደኛ፣ ሁለተኛ… ጉዳቱ አንደኛ፣ ሁለተኛ…» ብለሽ አራት ገጽ ብትሞዪ ዝቅተኛ ነጥብ ነው የምታገኚው። መምህሩ የሚፈልገው ርዕሱ ውስጥ የተደበቀውን ጥያቄ አውጥተሽ እንድታሳዪው ነው፦ ብቸኝነቱን የሚያመጣው ከተማው ራሱ ነው ወይስ ሰው ወደ ከተማ የሚገባበት ሁኔታ? ይህን ፕሮብሌማቲክ ይሉታል። መግቢያው ርዕሱን ያስተዋውቃል፣ ጥያቄውን ያነሳል፣ በሁለት ወይም በሦስት ክፍል እንዴት እንደሚሄድ ይናገራል፤ መልሱን ግን አይሰጥም። እኛ አገር መልሱን መጀመሪያ ተናግሮ ማስረጃ መደርደር ስለለመድን፣ ጎበዝ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ካለሽ 30ውን ደቂቃ ለዕቅዱ ስጪ። የመጨረሻውን 10 ደቂቃ ለማረም ተዪ፤ አንዴ ግሡን ከባለቤቱ፣ አንዴ ብዙ ቁጥሩን፣ አንዴ ጾታውን ብቻ እየፈለግሽ። ሁሉንም በአንድ ንባብ ማረም አይሆንም። ፈረንሳዊ መምህር ከ20 አርሞ 12 ከሰጠሽ ደግሞ አትደንግጪ፤ 10 ማለፊያ ነው፣ 12 «ደህና»፣ 14 «ጥሩ»፣ 16 «በጣም ጥሩ» ይባላል።

የባህሉን ትምህርት ፓሪስ ላይ ብቻ አትፈልጊው። ባቡሩ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 እ.ኤ.አ. ሲደርስ የሠራው የፈረንሳይ ኩባንያ ስለነበር፣ ስለሐዲዱ የተጻፈው ወረቀት ብዙው ፈረንሳይኛ ነው። «አናል ዴትዮፒ» የሚባለው ስለ አገራችን ታሪክና ቅርስ የሚያትተው መጽሔት ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታተማል። ፈረንሳዊው የቋንቋ ምሁር ማርሴል ኮኸን በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ትልቅ የአማርኛ ሰዋስው የተጻፈውም በፈረንሳይኛ ነው። ከዚህ መጽሐፍ ስለ ግሥ ጥቂት ገጽ ብታነቢ የምታውቂውን ነገር በማታውቂው ቋንቋ ስለምታገኚው፣ ቃላቱ ያለ መዝገበ ቃላት ይገቡሻል። የመመረቂያ ጽሑፍሽንም ርዕስ ከዚሁ አካባቢ ብትመርጪ፣ ስለ አንድ የፈረንሳይ ልብ ወለድ ከመቶዎች በኋላ መቶ አንደኛ ሆነሽ ከመጻፍ ይልቅ ማንም ያልነካው ነገር ይኖርሻል።

ወደ ቤተሰቦችሽ ጥያቄ እንምጣ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ፈረንሳይኛ ብቻውን እንጀራ መሆኑ ይከብዳል፣ ከሌላ ሙያ ጋር ሲጣመር ግን ይሆናል። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት፣ ፈረንሳይኛም ከኅብረቱ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ነገር ግን በስብሰባ ላይ ማስተርጎም በመጀመሪያ ዲግሪ የሚገባበት ሥራ አይደለም፤ ልዩ የድኅረ ምረቃ ሥልጠና ይፈልጋል፣ እዚያም ይበልጥ የሚፈለገው ፈረንሳይኛ ከእንግሊዝኛ እንጂ ከአማርኛ ጋር አይደለም። እንግሊዝኛሽን ችላ ካልሽ በሩ ይዘጋል። ብዙ ተማሪ የማያስበው ጅቡቲን ነው። የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በዚያ ወደብ ያልፋል፣ የአገሩ የሥራ ቋንቋዎችም ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው። የሎጂስቲክስ፣ የሒሳብ አያያዝ ወይም የጉምሩክ ኮርስ እንደ ተጨማሪ ትምህርት መውሰድ የምትችዪ ከሆነ ውሰጂ። አስጎብኚነትና በግል ትምህርት ቤት ማስተማርም አሉ።

ዲፓርትመንት ስለመቀየር ከመወሰንሽ በፊት 10 ሳምንት ለራስሽ ስጪ። በመጀመሪያው ቀን የ60 ሰከንዱን ቃል ጽሕፈት ሠርተሽ የ«ለ» ስህተቶችሽን ቆጥረሽ ቀን ጻፊበት፤ ስለ ሰፈርሽም ሁለት ደቂቃ ተናግረሽ ቅጂ። በአሥረኛው ሳምንት ያንኑ ድምፅ ሳይሆን እኩል የሚከብድ ሌላ 60 ሰከንድ ወስደሽ ቁጠሪ፣ ስለ ሰፈርሽም እንደገና ቅጂ። የ«ለ» ቁጥር በግማሽ ከወረደ ችግሩ መንገዱ ነበር፤ ቆዪ። በሳምንት አምስቱን ቀን ሳታጓድዪ ሠርተሽ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ፣ ወይም ሥራው ራሱ ካስጠላሽ፣ መቀየሩ ነውር የለውም። የዝውውር ማመልከቻ የሚያበቃበትን ቀን ግን ዛሬውኑ ከሬጅስትራር ጠይቂ፤ አሥሩ ሳምንት ከዚያ በፊት እንዲያልቅ አድርገሽ ጀምሪ።